ስድስት ሰዓት ከሩብ

ከዚራ፣ ከኒሙ ሥር፣ ከክሊኒኩ አግዳሚ፣
እኔ ሮብሌ፣ የጡረታ ሰው፣ የጨጓራ ታማሚ፣
ሆዴን በመዳፌ ደግፌ እንደ ተሰነጠቀ ቅል፣
ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ፣ ነርሷ ስሜን እስክትል።

«አየህ» አለችኝ ዶክተር ነጂባ (ድሬ ላይ አንቱታ ቦታ የለው)
«ጨጓራህ ጆንያ አይደለም፤ በፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ አለው።
በእያንዳንዷ ጉድጓድ ሥር፣ ከታች፣ ከጨለማው ጓዳ፣
ተቀምጣለች አንዲት ህዋስ፣ ቢላ ሞርዳ ሞርዳ፣
ሰገባ አልብሳ፣ ቆልፋ፣ በየከረጢቱ ደርድራ፣
ምልክት ካልመጣ በቀር አንዱንም አትመዝም ደፍራ።»

ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኔም ሥራ ይኸው ነበር፤
ሀዲድ ቀያሪ፣ ከለገሀር ወዲያ፣ ከሁለት መስመር ድንበር።
መዘውሩ በፀሐይ ግሎ መዳፍ ሲልጥ፣
ትእዛዝ ካልመጣ አይነካም፣ ነጂው ቢረግም ቢያፈጥጥ።

«ማን ነው ታዲያ የሚያዛት?»
«ሽቦ አለ ከራስህ የሚወርድ፣ አንገትህን ታኮ፤
ፉል ሲሸትህ፣ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ፣ ገና ሳትቀምስ እኮ፣
‹ተነሺ› ይላታል።
ጋስትሪን የሚባል መልእክተኛም በደም ጎዳና ዞሮ፣
ምግቡ መግባቱን ሲያይ ያንኳኳል በሯን አምርሮ።
ጎረቤቷ አለች ደግሞ፣ አሲድ የምትጠምቅ፣
ሰገባውን የሚልጠው የሷ ነው፤ ቢላው ያኔ ነው የሚያብረቀርቅ።
የተመዘዘው የሌላውን ይመዛል፣ ያም የሌላውን፣
እንዲህ ነው የሚያደቅቁት ትናንት የበላኸውን የግመል ሥጋውን።»

«ቢላው እሷኑ አይበላትም?»
«ልስልስ ካባ አላት፣ ንፍጥ የመሰለ፣ ሌት ተቀን የሚታደስ፤
ያንተ ግን ሳስቷል፣ ሮብሌ። በስንት ሰዓት ነው እህል የምትቀምስ?»

ዝም አልኩ።
እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የጅቡቲው ባቡር ፉጨት፣
ከሽኒሌ በኩል ሲሰማ ነበር ሳህኔን የምከፍት።
ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ደቂቃ፣ ሌላ ሰዓት ሳላውቅ፣
ሆዴ ያን ፉጨት ለመደ፣ ልጅ ስሙን እንደሚያውቅ።
ከዚያ ባቡሩ ቀረ። ሀዲዱ መሀል ፍየል ተኛ፣
ባልደረቦቼ ተበተኑ፤ ግማሹ ባጃጅ ነጂ፣ ግማሹ በሽተኛ።
እኔ ያለ ፉጨት እህል አይወርድልኝም፣ እስኪመሽ እውላለሁ፣
እሷ ግን፣ ሰዓቷ ሲደርስ፣ እሰማታለሁ፤
ተነስታ ቢላዋን ትመዛለች፣ ለማይመጣ ባቡር፣
መስመር ከፍታ ትጠብቃለች፣ ብቻዋን፣ ከጨለማው ዳር።

ነጂባ ብዕሯን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች፣ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ፣
«ይቺን ደግሞ እያት፤ አሲዱ ሲበዛ ‹በቃ› የምትል፣ የምትገድብ።
ሶማቶስታቲን የሚሉትን ትረጫለች።» ምላሴ ላይ ተሰበረ፣
ሶማ… ቶስ… ሁለታችንም ሳቅን፤ ስሙ እዚያው ቀረ።

ሥራዋን ግን አወቅሁት።
አንድ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከሀዲዱ ሥር አሸዋውን ሲወስድ፣
ቀይ ፋኖስ ይዤ ሮጬ ነበር፣ ባዶ እግሬን፣ እንደ እብድ።
ባቡሩ ቆመ። ማንም አላመሰገነኝ።
አንድ ነጋዴ፣ ጫቴ ጠወለገ ብሎ፣ በመስኮት ሰደበኝ።
ሰው የሚያስታውሰው የደረሰውን ነው፤
የቆመው ባቡር ታሪክ የለው።

ክኒን ጻፈችልኝ። «በሰዓቱ ብላ» አለች፣ «ሌላው ቀላል ነው።»
ወጣሁ። ሙቀቱ አስፋልቱን እንደ ሊጥ ያቦካዋል፣
የሰው ጥላ እግሩ ሥር ገብቶ ተሸጉጧል።
ከቀፊራ መግቢያ ፉል ቤት ደረስኩ። ሰዓቴን አየሁ።
ሁለት ጣቶቼን ከአፌ ከትቼ፣
እንደ ድሮው ነጂ፣ ረዘም አድርጌ፣
አፏጨሁ።

አሳላፊው ልጅ ሳህን ይዞ ደንግጦ ዞረ፤
«አባ፣ ማንን ነው የምትጠራው?»

«ሠራተኛ» አልኩት። «ሚጥሚጣ አታብዛው።»